ልጓሙ የቱ ጋ ነው?

ሞተር ሳይክሏን ገዝቼ ዓለም ከተማ የገባሁ ዕለት እናቴ የግቢያችን በር ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየቻት፡፡ ሞተሯ ቀይ ናት፤ ጎኗ ላይ ነጭ መስመር ተሰምሮባታል፤ ቆማ እንኳ የምትሮጥ ትመስላለች፡፡ እኔ ምርቃት እየጠበቅሁ ነበር፡፡ እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ አንድ ጊዜ ዞረቻትና፣

“ልጓሙ የቱ ጋ ነው?” ስትል ጠየቀችኝ፡፡

ሳቅሁ፡፡ የፊተኛው ጎማ ፍሬን በቀኝ እጅ፣ የኋለኛው በቀኝ እግር እንደሚያዝ አሳየኋት፡፡ “ይይዛል?” አለችኝ፡፡ “ይይዛል እንጂ እማዬ!” አልኳት፡፡ ዋሽቻት አልነበረም፤ እንደሚይዝ አምኜ ነበር፡፡ ለጥያቄዋ እውነተኛውን መልስ ለማግኘት ግን አምስት ወር ፈጀብኝ፡፡

*

ነገሩ የሚጀምረው ከሞተሯ አይደለም፤ ከአባቴ ቀብር ነው፡፡ ይልቁንም ካልደረስኩበት ከአባቴ ቀብር፡፡

በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. ለሥራ ሥልጠና አዲስ አበባ ነበርኩ፡፡ አመሻሹ ላይ ስልኬ ጮኸ፡፡ የደወለልኝ የአጎቴ ልጅ “አባባ ትንሽ አሞታል” አለኝ፡፡ አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ሰው “ትንሽ አሞታል” የሚለው ቃል ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰማል፡፡ ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፡፡ ነገር ግን በመካከሉ የጀማ ሸለቆ አለ፡፡ ያን ምሽት ያናገርኳቸው ባለ መኪናዎች ሁሉ ሱሉልታንም፣ ጫንጮንም፣ ሙከጡሪንም ይሁን ብለው፣ “ከለሚ በኋላ ያለውን ቁልቁለት በሌሊት አልወርድም” አሉኝ፡፡ አልፈረድኩባቸውም፡፡

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ፡፡ ከዓለም ከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኘው መንደራችን ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየታደለ ነበር፡፡ ቀብሩ ተፈጽሟል፡፡ የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነበር፤ በእጄ ዳሰስኩት፡፡ ለቅሶ ያጀበው ሰው ሁሉ “መንገድ ነው፤ ምን ታደርግ” እያለ አጽናናኝ፡፡ እኔ ግን “መንገድ ነው” የምትለዋን ቃል እንደ ስድብ ቆጠርኳት፡፡ ያን ዕለት፣ ሁለተኛ የሰው መኪና ጠብቄ አልቀርም ብዬ ማልኩ፡፡

ገንዘብ ነበረኝ፡፡ ከደመወዜ እየቀነስኩ ለዓመታት ያስቀመጥኩት ነው፤ የታሰበውም ለመጀመሪያው የግጥም መድበሌ ማሳተሚያ ነበር፡፡ መድበሉ ርዕስ ነበረው፤ ማውጫ ነበረው፤ ለማን መታሰቢያ እንደሚሆን ሳይቀር ተጽፎ ነበር፡፡ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ያንን ገንዘብ አወጣሁ፡፡

*

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ፡፡ ለመድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ የምገዛው ሞተር ሌላ ነበር፡፡ የግብርና ባለሙያዎች ገጠሩን የሚያዳርሱባቸው፣ ከመሬት ከፍ ያሉ፣ ጎማቸው ጥርሳም፣ መልካቸው ተራ የሆኑ ያማሃዎች አሉ፤ ለመርሐ ቤቴ መንገድ የተፈጠሩ ይመስላሉ፡፡ ዋጋቸው ቀለል ያሉት ቦክሰሮችም ጤፍና ባለቤቱን ጭነው ዳገቱን ሲወጡ በየቀኑ አያለሁ፡፡ እኔ ግን ስፖርት ሞተር ገዛሁ፡፡ ቲቪኤስ አፓቺ አርቲአር 180፤ ሕንድ ሠራሽ፣ 177.4 ሲሲ፣ 17 ያህል የፈረስ ጉልበት ያላት፣ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ የሚነዳትን ሰው እንደ ጋላቢ ወደ ፊት የምታስጎነብስ፡፡ ሆዷ ከመሬት የሚርቀው 16 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው፤ በእኛ አገር ድንጋይ ዘንድ ይህ ርቀት አይባልም፡፡

ለምን? ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፡፡ ቀኑን ሙሉ ከመስተዋት ጀርባ ተቀምጬ የሌላ ሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፡፡ ባለጉዳዩ የሚያየው እጄን እንጂ ፊቴን አይደለም፡፡ የከተማችን ሰው “ያ ባንክ ያለው ልጅ” ይለኛል እንጂ በስሜ የሚጠራኝ ጥቂት ነው፡፡ ግጥሞቼን ያነበበ ሰው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው፡፡ ስለዚህ ሞተሯን ስገዛ በአፌ “ለመድረስ” አልኩ፤ በልቤ ግን “ለመታየት” ነበር፡፡ እነዚህ ሁለት ቃላት ለአምስት ወር ያህል በውስጤ ተጣሉ፡፡ የጸባቸውም ሜዳ ሞተሯ ሆነች፡፡

*

ግዢው የተፈጸመው አዲስ አበባ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ የከተማዋ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሎ ስለነበር፣ ሞተሩ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመበት ወጣት ብዙ ነበር፡፡ ሻጬም ከእነርሱ አንዱ ነው፡፡ ትሑት ልጅ ነበር፤ “ወንድሜ፣ ከልቤ ቆርጬ ነው የምሰጥህ” አለኝ፡፡ ደላላው በበኩሉ “ሲስተር ናት የነዳቻት” የሚለውን የተለመደ ምስክርነት ሊሰጥ ሲል ልጁ በዓይኑ ገሠጸው፡፡ በ58 ሺህ ብር ተስማማን፡፡

እኔ ወረቀት የማውቅ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ወረቀቱን መረመርኩ፡፡ በሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርኩ፡፡ ቦሎው መታደሱን፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ መኖሩን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን አጣራሁ፡፡ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበን ውሉን ስንፈርም የሻጩን ፊርማ ከመታወቂያው ጋር አስተያየሁ፡፡ ይህ ሁሉ ትክክል ነበር፡፡ አንድም ስህተት አላገኘሁም፡፡

ብረቱን ግን አልመረመርኩም፡፡ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው 19 ሺህ ይላል፤ አመንኩት፡፡ የእግር ማሳረፊያው ጎማ ግን ተበልቶ እንደ ልሙጥ ሳሙና ለስልሶ ነበር፡፡ አሁን ሳስበው፣ 19 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲያ አያለሰልስም፡፡ እኔ የብር ኖት በሁለት ጣቴ ዳስሼ ሐሰተኛውን የምለይ ሰው፣ የፍሬኑን ዲስክ በአንድ ጣቴ እንኳ አልነካሁትም፡፡ አሥር ደቂቃ በለጥ ያለ አስፋልት ላይ ነዳኋት፤ ቀለሟ በፀሐይ አብረቀረቀ፤ በቃኝ፡፡

አባቴ ቢኖር ኖሮ ያፍርብኝ ነበር፡፡ በሕይወት ዘመኑ ሦስት በቅሎ ገዝቷል፤ ሦስተኛዋን ሲገዛ ልጅ ሆኜ አብሬው ነበርኩ፡፡ መጀመሪያ አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ፤ ሻጭ ዕድሜ ይዋሻል፣ ጥርስ አይዋሽም፡፡ ቀጥሎ ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ኮርቻ ያቆሰለው ቦታ ሲድን ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላልና፡፡ አራቱን ሰኮናዎች አንድ በአንድ አነሳ፡፡ በመጨረሻም ልጓሟን ይዞ ዳገት አስወጣት፣ ቁልቁለት አወረዳት፡፡ ስለ ግላሷ ማማርና ስለ አንገቷ ጌጥ ሻጩ ሲለፈልፍ ቀና ብሎም አላየውም፡፡ “በሜዳ የማይሄድ የለም” አለኝ ወደ ቤት ስንመለስ፤ “ከብት የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው፡፡”

*

ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደውን መንገድ ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል፡፡ እንጦጦን ወጥተው፣ ሱሉልታንና ጫንጮን አልፈው፣ በጎጃም መንገድ ሙከጡሪ ይደርሳሉ፡፡ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፈው ለሚ እስኪደርሱ ያለው ሜዳ ነው፤ ጤፍና ገብስ፣ ነፋስና ደመና፡፡ ከለሚ በኋላ ግን ምድር ታበቃለች፡፡ ጭላዳ ዝንጀሮዎች የሚግጡበት የገደል አፋፍ ይመጣና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፡፡ ከደጋ ብርድ ተነሥተው፣ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ሄደው፣ ቆላ ሙቀት ውስጥ ይገባሉ፡፡ ድልድዩን ተሻግረው ደግሞ ያንኑ የሚያህል ዳገት ይጀምራሉ፡፡ ዓለም ከተማ ከላይ ትጠብቅዎታለች፡፡ ጀማ ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው፤ ገደሉንም የቆረጠው በዓባይ ቤተሰብ ወግ፣ ያለ ርኅራኄ ነው፡፡

በዚያ የመጀመሪያ ጉዞዬ ሞተሯ ዳገቱ ላይ እንደጠበቅኋት አልሆነችም፡፡ በኋላ እንደተረዳሁት፣ 17ቱ የፈረስ ጉልበት የተለካው በባሕር ጠለል አየር ነው፡፡ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተርም እንደ ሰው የሚኖረው በሚተነፍሰው ልክ ነው፡፡ ከአሥራ ሰባቱ ፈረሶች ሦስት ያህሉ ዓለም ከተማ ሳይደርሱ በመንገድ ይቀራሉ ማለት ነው፡፡ ቁልቁለቱን ስወርድም የኋላው ፍሬን ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ያሰማ ነበር፡፡ “አዲስ ባለቤት ስለሆንኩ ነው፤ ትለምደኛለች” ብዬ አለፍኩት፡፡ ሰው የሚወደውን ሲገዛ እንዲህ ይጃጃላል፡፡

*

ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት የማሻሻያ ሕልም ወራት ነበሩ፡፡ ቀድሞ ግጥም በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ ዝርዝር አወጣሁ፡፡ አንደኛ፣ ድምፅዋን የሚያጎላ ክፍት ማርሚታ፡፡ ሁለተኛ፣ አየር በብዛት የሚያስገባ ክፍት ፊልትሮ፡፡ ሦስተኛ፣ ከ110 ወደ 140 የሚሰፋ የኋላ ጎማ፤ ከኋላ ለሚያያት ግርማ እንዲኖራት፡፡ አራተኛ፣ የኋላውን ሰው መቀመጫ የሚሸፍን እንደ ጉብታ ያለ ክዳን፤ የእሽቅድምድም ሞተር እንድትመስል፡፡ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ልኬ ዋጋ አስጠየቅሁ፡፡ በየማታው ዝርዝሩን አነባለሁ፤ አንዳንዴም ቃል እለውጣለሁ፡፡ ለግጥሞቼ እንዲያ ተጨንቄ አላውቅም፡፡

ዝርዝሩን ይዤ፣ ጋሼ እያልኩ ወደምጠራቸው አንድ የከተማችን መካኒክ ሄድኩ፡፡ የመሥሪያ ቤት ሞተሮችን ሲጠግኑ ያረጁ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው፡፡ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን እንደ ማመልከቻ አነበቡት፡፡

“ማርሚታው ለምንድን ነው?”

“ጉልበት ይጨምራል ይባላል፣ ጋሼ፡፡”

“ድምፅ ይጨምራል፡፡ ክፍት ፊልትሮውስ?”

“ብዙ አየር እንዲገባ፡፡”

“ብዙ አቧራም ይገባል፡፡ አቧራው ፋሻውን ይበላል፤ ፋሻ ሲበላ ዘይት ትጠጣለች፡፡ አየሩ ሲበዛ ደግሞ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ካርቡራቶሯን እንደገና ማስተካከል ይመጣል፡፡” ካርቡራቶሯ ውስጥ ቤንዚኑን የምታሳልፈውን ጥቃቅን የነሐስ ፍሬ በጣታቸው ልክ አሳዩኝ፡፡ “ቀዳዳዋን ለዓለም ከተማ ብለካልህ፣ ጀማ ስትወርድ አየሩ ይወፍርና ቤንዚን ያጥራታል፤ ትግላለች፡፡ ለጀማ ብለካልህ፣ እዚህ ስትወጣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ካንዴላዋ ይጠቁራል፡፡ የእኛ አገር ሰው መሃሉን ይዞ ነው የሚኖረው፡፡”

ጎማውን በሚመለከት ቸርኬው ጠባብ መሆኑን፣ ሰፊ ጎማ ሲገባበት ተጨምቆ እንደሚያብጥና ሞተሯ ለመታጠፍ እንደምትከብድ ነገሩኝ፡፡ የመቀመጫው ክዳን ላይ ሲደርሱ ግን መነጽራቸውን አወለቁ፡፡

“ሰው አትጭንም?”

መልስ አልነበረኝም፡፡ “እስቲ እሷን አምጣትና ፍሬኗን ልየው” አሉኝ፡፡ “እሺ ጋሼ” አልኩ፡፡ አልሄድኩም፡፡ ተቀይሜ ነበር መሰለኝ፡፡

*

በየካቲት 2012 ዓ.ም. ከለሚ ወደ ጀማ እየወረድኩ ነበር፡፡ ብቻዬን ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ከፊቴ ናት፡፡ የፊቱን ፍሬን በየመታጠፊያው እይዛለሁ፡፡ ወደ መሃል ላይ ስደርስ መያዣው እየላላ መጣ፡፡ በመጀመሪያ በጥቂቱ፣ ቀጥሎ በግማሽ፤ በመጨረሻም አንድ መታጠፊያ ላይ ስጨብጠው ምንም ሳይገፋኝ እስከ መሪው ድረስ ገባ፡፡ እግሬ የኋላውን ረገጠ፤ ብረት ከብረት ጋር ጮኸ እንጂ ጎማው አልቆመም፡፡

ስለ ሞት ያን ያህል አላሰብኩም፡፡ ያሰብኩት አንድ አስቂኝ ነገር ነው፤ “ማርሚታውን ብገጥመው ኖሮ ጩኸቴ እስከ ለሚ ይሰማ ነበር” አልኩ በልቤ፡፡ ካምቢዮውን ከአራት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት አወረድኩ፤ ሞተሯ እየጮኸች ራሷን ያዘች፡፡ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ያለውን የውሃ መውረጃ ቦይ መርጬ ገባሁበት፡፡ ወደቅሁ፡፡ ጉልበቴና ክርኔ ተላጠ፤ አንዱ ስፖኪዮ ተሰበረ፤ ፍሬቻው ተንጠለጠለ፡፡ ከበላዬ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ያዩኛል፡፡ የፈለግሁትን ያህል ታይቻለሁ ማለት ነው፡፡

በጭነት መኪና ተጭነን ዓለም ከተማ ገባን፤ እኔም እሷም፡፡ ጋሼ ጎማዎቹን አወለቁ፡፡ የኋላው ፍሬን ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን እንደ ሞረድ ፍቆታል፡፡ የፊቱ አሞርዛተር ፓራኦሊዮው ተቀድዶ ዘይት ያስተፋል፡፡ ካቴናው ተለጥጦ በእጅ ሲነሳ ከጥርሱ ይላቀቃል፡፡ ከቀዩ ቀለም ሥር የድሮ አደጋ ጭረት ተገኘ፤ አባቴ ቢዳስሰው ኖሮ ነጩን ጠጉር ያገኘው ነበር፡፡ የፊቱ ፍሬን ለምን እንደከዳኝ ሲያስረዱኝ ግን ከሁሉ ይበልጥ ተገረምኩ፡፡ የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፡፡ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ያ ውሃ ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል፡፡ ዘይት ተጨምቆ ጉልበት ያስተላልፋል፤ እንፋሎት ግን ሲጨመቅ ይጠባል እንጂ አይገፋም፡፡ ስለዚህ የእጅ መያዣው ባዶ ይሆናል፡፡ ሜዳ ላይ አይታወቅም፡፡ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው፡፡

“ስንት አለህ?” አሉኝ ጋሼ፡፡ ለማርሚታና ለጎማ ያስቀመጥኩትን ነገርኳቸው፡፡ በዚያ ገንዘብ የፊትና የኋላ ፍሬን ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ የኋላ ዲስክ፣ ፓራኦሊዮ፣ ካቴና ከነጥርሶቹ፣ ከልኳ ያልወጡ ሁለት ጎማዎች ተገዙ፡፡ ከዝርዝሬ ውጭ አንድ እውነተኛ ማሻሻያ ብቻ ፈቀዱልኝ፤ ካቴናው ከፊት የሚዞርበትን ጥርስ በአንድ ቀነሱት፡፡ ከፍጥነቷ ትንሽ ወሰደ፤ ለዳገቱ ግን ጉልበት ሰጣት፡፡ በአየሩ ምክንያት በመንገድ ከቀሩት ፈረሶች አንዱ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ፡፡

ሥራው ሲያልቅ ሞተሯ ከቀድሞዋ በምንም አትለይም፡፡ ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ የሚታይ ነገር የለም፡፡ ይህ መጀመሪያ ላይ አናደደኝ፡፡

*

በዚያ ሰሞን የተረፈችኝን ገንዘብ በምን ላውላት ስል አንድ የማውቀው ታሪክ ትዝ አለኝ፡፡ “የዓረቢያው ሎውረንስ” የሚባለውን እንግሊዛዊ ጸሐፊ አንባቢዎቼ ያውቁታል፡፡ ሎውረንስ ብራፍ ሱፒሪየር የሚባሉ የዘመኑን ፈጣን ሞተር ሳይክሎች አብዝቶ ይወድ ነበር፡፡ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት 1935 በእንግሊዝ አገር ገጠር መንገድ ላይ፣ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላም በ46 ዓመቱ ሞተ፡፡ በራሱ ላይ ሄልሜት አልነበረም፡፡ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬርንስ፣ በሞተር አደጋ ስለሚሞቱ ሰዎች ለዓመታት አጠና፡፡ ጥናቱ በ1941 ታተመ፤ በዚያው ዓመትም የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ፡፡ የአንድ ጸሐፊ ሞት ስንት የማይታወቁ ራሶችን እንዳተረፈ ማን ይቆጥረዋል?

እኔም ሄልሜት ገዛሁ፤ ሁለት፡፡ ሁለተኛው ለምን እንደሆነ ሻጩ ሲጠይቀኝ የጋሼ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበረ፤ “ሰው አትጭንም?”

*

በጥር 2013 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ረፋድ ላይ ሥራ ቦታዬ ተደወለልኝ፡፡ ለሚ አካባቢ የምትኖረው የእናቴ ታላቅ እህት አርፋለች፡፡ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፡፡ እናቴ ያን ጊዜ እኔ ጋ ነበረች፡፡ የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል፡፡ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁና ቤት ስደርስ እናቴ መቀነቷን አስራ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ በር ላይ ቁጭ ብላለች፡፡ ማን እንደነገራት አላውቅም፡፡ አላለቀሰችም፡፡ ዓይኗ ሞተሯ ላይ ነው፡፡

“እማዬ፣ ቁልቁለቱ…” አልኩ፡፡

“ልጓሙ ይይዛል?” አለችኝ፡፡

በዚህ ጊዜ መልሱን አውቀዋለሁ፡፡ “ይይዛል” አልኳት፡፡

ሄልሜቱን በሻሿ ላይ ሳጠልቅላት እንደ ሕፃን አገጯን ቀና አደረገችልኝ፡፡ ወደ ጎን ልትቀመጥ ስትል ከለከልኳት፤ “በሙሽርነቴም በበቅሎ ስመጣ እግሬን ከፍቼ ነው የተቀመጥኩት” ብላ ኮርቻው ላይ ወጣች፡፡ ያ ክዳን ሊሸፍነው የነበረው ኮርቻ ላይ፡፡ እጆቿ ወገቤን ያዙ፡፡ እናቴ ካቀፈችኝ ስንት ዓመት እንደሆነው አስቤ አላውቅም ነበር፡፡

ወደ ጀማ ወረድን፡፡ በሁለተኛና በሦስተኛ ካምቢዮ፣ ያለ ጥድፊያ፤ ጋሼ እንዳስተማሩኝ ሞተሯን ራሷን ልጓም አድርጌ፣ ፍሬኑን እየነካሁ እየለቀቅሁ፡፡ ድልድዩ ላይ ቆላው ሙቀቱን ለቀቀብን፤ እናቴ ጀርባዬ ላይ ውዳሴ ማርያም በቀስታ ስትደግም ትሰማኛለች፡፡ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ዳገት ስንጀምር አንድ ጥርስ የቀነሰችው ሞተር ሁለታችንን ይዛ፣ ሳትቃትት፣ መታጠፊያውን ሁሉ እየቆጠረች ወጣችው፡፡ በዚያ መንገድ ያየን ሰው ሁሉ ያየው አንድ ጎልማሳ ልጅና ሄልሜት ያደረገች ባልቴት ነው፡፡ ግርማ አልነበረንም፡፡

ስንደርስ አስከሬኑ ከግቢ እየወጣ ነበር፡፡ እናቴ ገና ሞተሯ በቅጡ ሳትቆም ወረደች፤ ሄልሜቱን ጭኔ ላይ ጣለችው፤ እህቷን በስሟ ጠርታ ጮኸች፡፡ የተሸከሙት ሰዎች ቆሙ፡፡ ቃሬዛውን ዝቅ አድርገው ጠበቋት፡፡ እጇን ጫፉ ላይ አድርጋ የተናገረችውን ሁሉ ሰማሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም፡፡ የእሷና የእህቷ ነው፡፡

እኔ ሞተሯን ደግፌ ቆሜ ነበር፡፡ እጄ የፊቱን ፍሬን እንደጨበጠ ነው፤ መልቀቅ ረስቼዋለሁ፡፡ ያኔ ከሦስት ዓመት በፊት ሳልደርስበት የቀረሁት የአባቴ አፈር፣ ያ እርጥብ አፈር፣ መዳፌ ላይ የተመለሰ መሰለኝ፡፡ ለእሱ አልደረስኩም፡፡ ይህን የሚክሰው ነገር የለም፤ የሚክሰው አለ ብዬም አልዋሽም፡፡ እናቴ ግን ደርሳለች፡፡

*

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፡፡ መንገድ ያለፍርሃት የሚኬድበት ነገር መሆኑ ቀርቶ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወሬ ሆኗል፡፡ ሞተሯ ከምትሄድበት የምትቆምበት ቀን በዝቷል፡፡ ቢሆንም ካቴናዋን ዘይት እቀባለሁ፤ የፍሬን ዘይቷን በየሁለት ዓመቱ እቀይራለሁ፤ ባትሪዋ እንዳይሞት በየጊዜው አስነሳታለሁ፡፡ ማርሚታዋ ከፋብሪካ የወጣችበት ነው፡፡ ጎረቤት እንኳ አይሰማትም፡፡

የግጥም መድበሌ እስከ ዛሬ አልታተመም፡፡ ማሻሻያዎቼን የዘረዘርኩበትን ደብተር ግን ገልብጬ ከፊት ለፊቱ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ፡፡ ብዙ ክፍት ማርሚታ አገኘሁበት፤ ጉልበት ሳይኖራቸው የሚጮኹ መስመሮች፣ ቸርኬው ጠባብ ሆኖ ሳለ የሰፉ ቃላት፡፡ እየሰረዝኩ ነው፡፡ ከተሰረዙት ገጾች በአንዱ ኅዳግ ላይ፣ ሞተሯ ከጋራዥ የወጣች ዕለት የጫርኳትን አራት መስመር አገኘሁ፡፡ ትልቅ ግጥም አይደለችም፤ ግን አልሰረዝኳትም፡፡

ገንዘቤን ከፍዬ፣ ድምፅ ልገዛ ሄጄ፣
ፍሬን ይዤ መጣሁ፣ ከገበያ ወርጄ፤
መጮህ ለፈለገ፣ ማርሚታ ይበቃል፣
መድረስ ለፈለገ፣ ማቆም ያስፈልጋል፡፡

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይላል የአገሬ ሰው፡፡ አባቴ ይህን ተረት ሲተርት፣ ኩራት የሚገባው ለተቀማጩ ነው ለማለት ይመስለኝ ነበር፡፡ አሁን የምሰማው ግን የመጀመሪያውን ቃል ነው፤ ያደርሳል፡፡

እናቴ ዛሬም ሞተሯን ሳስነሳ በሰማች ቁጥር ከጓዳ ሆና ትጠይቀኛለች፡፡ ወዴት እንደምሄድ አይደለም፤ መቼ እንደምመለስም አይደለም፡፡

“ልጓሙን አይተኸዋል?”

“አይቼዋለሁ እማዬ፡፡”

“እንግዲያው ሂድ፡፡”